ከሙሽራ ፍራሽ የተቆረጠ ማጣሪያ

ሳልህ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበር። የካ ውስጥ፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ነበረችው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቀረችው አንዲት ሴት ልጁ ዘሙሩድ ብቻ ናት። ሴት ልጅ ወንድ መሀል ስትቆም ደግ አይደለም ብሎ፣ ከሥራ ቦታው ጀርባ በጆንያ ጋርዶ ክፍል ሠራላት። በጆንያው መሀል አንዲት ጠባብ መስኮት ተወ። የቆሸሸ ዕቃ በዚያች ይገባል፣ የታጠበ በዚያች ይወጣል። ሰፈሩም ለመደው።

ዘሙሩድ ካንዴላ ትፍቅ ነበር፣ ካርቡራተር ታጸዳ ነበር። ዋና ሥራዋ ግን የአየር ማጣሪያ ማጠብ ነው። ማጣሪያ የሞተር አፍንጫ ነው፤ አቧራውን አስቀርቶ አየሩን ያሳልፋል። ከተደፈነ ሞተሩ ይታፈናል። ከተቀደደ አቧራ ገብቶ ሆዱን ይበላዋል። ብዙ ሰው ይህን አያስብም። ቤንዚን ካለና ጎማው ከተነፋ ሁሉም ደኅና ይመስለዋል።

ከአያት ሰፈር በኩል የሚመጣ ማጣሪያ ጥቁር የእርሻ አፈር ይዞ ይመጣል። ከእንጦጦ የሚወርደው ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ቀይ ትቢያና የባሕር ዛፍ ስብርባሪ አለበት። እሷ ከየካ ርቃ ሄዳ አታውቅም። አገሩን የምታውቀው በማጣሪያ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በመስኮቷ የገባው ግን የተለየ ነበር። ወረቀት ነው፤ በሥርዓት የተጣጠፈ። ውኃ ነክቶት አብጧል፣ በአንድ ጎኑም ተሰንጥቋል።

«ይህን ማን ነው ያጠበው?» አለች፣ ከወዲያ ማን እንዳለ ሳታይ።

«እኔ ነኝ» አለ የወንድ ድምፅ። «በሳሙና ጭምር። አላማረም?»

«ወረቀት በሳሙና ሲታጠብ አይተህ ታውቃለህ?»

«ቆሽሾ አየሁታ። ምን ላድርገው?»

«ብታራግፈው ይበቃው ነበር። አሁን ሞቷል።»

«ኢና ሊላሂ» አለ ድምፁ፣ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው።

ዘሙሩድ ሳቋ አመለጣት። ልትደብቀው ጎንበስ ስትል እሱም ከወዲያ ጎንበስ ብሎ ኖሮ በመስኮቷ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ በቀይ ትቢያ ተሸፍኗል። ዓይኑ ብቻ ንጹሕ ነው። ቀድማ ቀና ያለችው እሷ ናት።

ስሙ ነጅመዲን ነው። እንጦጦ ላይ ችግኝ የሚያስተክል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነበር። ከከተማ መልእክት ተቀብሎ፣ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በኩል ወጥቶ፣ ጋራው ላይ ለተበተኑት የችግኝ ጣቢያዎች ያደርሳል። አባቱ ሞተዋል። እናቱ መብሩካ እግራቸውን ታመው አያት በኩል ካለች ትንሽ ቤታቸው አይወጡም። ከእሱ ሌላ ጧሪ የላቸውም።

ያ ዘመን ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ነው። ቀበሌው በየዙሩ የወጣት ስም እየጠራ ወደ ማሠልጠኛ ይልካል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን። ነጅመዲን የተረፈው መሥሪያ ቤቱ «ያለ እሱ ሥራችን ይቆማል» ስላለለት ነው። ሥራው ማለት ደግሞ ሞተሯ ናት። የሌሎቹ ሞተረኞች ሞተር ተራ በተራ ሲቆም፣ ባለቤቶቹም ተራ በተራ ሄደዋል። የምትነሣው የእሱ ብቻ ቀርታለች።

ይህን ሁሉ ለዘሙሩድ የነገራት በሳቅ ነበር። «እኔና ይቺ ሞተር አንድ ነፍስ ነን። እሷ ከቆመች እኔ እሄዳለሁ» አላት። ዘሙሩድ ግን አልሳቀችም። የተሰነጠቀውን ወረቀት በእጇ እንደያዘች ብዙ ቆየች።

አዲስ ወረቀት አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የውጭ ዕቃ ወሬው እንጂ ዕቃው አይመጣም። ቢገኝም ለእንጦጦ አቧራ አይሆንም፤ ቶሎ ይደፈናል፣ አይታጠብም። የሚሻለው በዘይት የራሰ ስፖንጅ ነው። አቧራ ዘይት ላይ ይጣበቃል፣ አየር ያልፋል፤ ሲቆሽሽ ታጥቦ ይመለሳል። ስፖንጅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ዘሙሩድ ከአሮጌ ወንበር የወጣ ቁራጭ ቤንዚን ውስጥ ብታሳድረው እንደ ረጠበ ዳቦ ፈረሰ። የዕቃ ማጠቢያውን ስፖንጅ ወደ አፏ አስጠግታ እፍ ብትለው ትንፋሿን መለሰባት፤ እሷን ያፈነ ሞተሩንም ያፍናል።

በመጨረሻ ሣጥን ላይ ተጠቅልሎ ወደተቀመጠው ፍራሽ ሄደች። እናቷ በሕይወት ሳለች ለሠርጓ ብላ የገዛችላት የስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ ማንም ተኝቶበት አያውቅም። ጨርቁን ከግርጌ ተረተረች፣ ከማዕዘኑ ቆረጠች፣ መልሳ ሰፋችው። ቁራጩ ቤንዚን ውስጥ አድሮ አልፈረሰም። እፍ ብትለው አሳለፈ፤ ግን እንዲያው አላሳለፈም፣ ጥቂት ከታገላት በኋላ ነው። የፈለገችው ይህንን ነበር።

ነጅመዲን ሲመጣ በሞተሩ የማጣሪያ ቤት ልክ የተቆረጠውን ስፖንጅ በመስኮት ሰጠችው።

«ይህ ጥሩ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አላት።

«ተነፈስኩበት። አንተም ሞክረው።»

እሷ አፏን ባሳረፈችበት በኩል አፉን አሳርፎ እፍ አለ። ከዚያ ሳያነሣው አያት። ከጆንያው ወዲያ ሳልህ ብሎን ይቀጠቅጣል። ዘሙሩድ ፊቷ እሳት ሆነ፤ ስፖንጁን ከእጁ ነጥቃ ዘይት ውስጥ ነከረችው።

አያያዙንም ነገረችው። በቤንዚን ይታጠባል፣ ይጨመቃል እንጂ አይጠመዘዝም፣ በጥላ ይደርቃል። ከዚያ የሞተር ዘይት ይጠጣል፣ የማይንጠባጠብ እስኪሆን ይጨመቃል። ማጠቡ የእሷ ነው፤ የእሱ ሥራ በየቅዳሜው ማምጣት ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ይበቃ ነበር። እሷም ታውቃለች። ግን አላለችም።

ሰንበትበት ብሎ ሳልህ ፍራሹን ሲያነሣ ማዕዘኑ ጎድሎ አገኘው። «ዘሙ፣ ይህን ፍራሽ አይጥ በላው?» አላት።

«አዎ አባ።»

«መቀስ የምትይዝ አይጥ ናት» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የእነሱ ሆነች። ነጅመዲን በጧት ከጋራው ወርዶ ይመጣል። አንዳንዴ በቅጠል የተጠቀለለ እንጆሪ በመስኮት ያሳልፍላታል። ስፖንጁ ጥላ ሥር እስኪደርቅ ቆሞ ያወራታል፤ ስለ ጣቢያዎቹ ዘበኞች፣ ስለ ጭጋጉ፣ በሌሊት ጅብ ስለገባበት የችግኝ መደብ። አንድ ቀን ከላይ ከተማዋ እንዴት እንደምትታይ ጠየቀችው። ቆርቆሮ ብቻ ናት አላት። የእኛስ ቆርቆሮ ትለያለች ወይ ብትለው፣ እሷን ፍለጋ ብዙ ጊዜ ቆሞ እንደሚያይና እስካሁን እንዳላገኛት ነገራት። «ስታገኛት ምን ታደርጋለህ?» አለችው። «ቁልቁል እወርዳለሁ። ፍሬን አልይዝም» አለ።

ቤንዚን ግን እጅ ይበላል። የዘሙሩድ ጣቶች መጀመሪያ ነጡ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቁ። በጥቅምት ደረቅ ነፋስ ስንጥቁ መድማት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ስፖንጁን ስትመልስለት የደም ጠብታ ላዩ ላይ ቀርታ ነጅመዲን አያት።

«ይህ ከእኔ ማጣሪያ ነው?»

«ከቤንዚን ነው። የሁሉም ማጣሪያ ያው ነው።»

አላመናትም። በሚቀጥለው ሲመጣ ቫዝሊን ይዞላት መጣ። ያን ዕለት እጇን ብቻ ሲያይ ቆይቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስፖንጅ እየነጣ ሄደ። ዝናብ ከቆመ ሰንብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፤ ትቢያው መብዛት ሲገባው ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። ዘሙሩድ ይህን አየች። ይህ ነገር እንዴት ነው ብላ ልትጠይቀው አፏን ከፈተች። ከጠየቀች ግን «እንዲህ ንጹሕ ከሆነማ በሁለት ሳምንት አንዴ ልምጣ» ሊል ነው። አንዲት ቅዳሜ ልታጣ ነው። አፏን መልሳ ዘጋች። ንጹሑን ስፖንጅ ለወጉ ያህል ቤንዚን አስነክታ መለሰችለት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

በኅዳር ነጅመዲን ሽማግሌ ላከ። ሳልህ በክብር ተቀበላቸው። ልጁን እንደወደደው፣ ዲኑም ሥራውም እንዳልከፋው ነገራቸው። ከዚያ ቃሉን ሰጠ። «ይህ ዙር ይለፍ» አላቸው። «ጥሪው አልፎት ሞተሩ ላይ ካገኘሁት ኒካሑን ራሴ እጠራለሁ። ልጄን ለዘማች ድሬ መበለት አላደርጋትም።»

ሽማግሌዎቹ ፍርድ ነው ብለው ተመለሱ። ዘሙሩድም ከጆንያው ጀርባ ሰምታ ዱዓ አደረገች። ለባልና ለትዳር አልነበረም ዱዓዋ፤ ለሞተሯ ነበር።

ዙሩ ሳያልፍ ሞተሯ ቆመች።

ነጅመዲን ከኪዳነ ምሕረት በታች ጀምሮ እየገፋት መጣ። ላብና ትቢያ ፊቱ ላይ ጭቃ ሆኗል። ከመቆሟ በፊት ሰማያዊ ጭስ ስትተፋ እንደነበር፣ ዳገት እምቢ እንዳለችው ተናገረ። ሳልህ ሲሊንደሩን ፈታው። ጣቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አዙሮ አወጣው። ጣቱ ላይ ቀይ ዝቃጭ ነበር።

«ዘሙ» አለ ድምፁን ሳይጨምር። «የዚህን ልጅ ማጣሪያ የምታጥቢው አንቺ ነሽ?»

ዘሙሩድ መልስ ሳትሰጥ ነጅመዲን ቀደማት። «እሷ የለችበትም ጋሽ ሳልህ። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ከኪዳነ ምሕረት በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ይታፈናል። ስለዚህ ዳገቱን የለመዱት ሞተረኞች ማጣሪያቸውን አውጥተው ብብታቸው ሥር ይዘው ይወጣሉ፣ ሜዳው ላይ ይመልሱታል። እሱም እነሱ ሳይዘምቱ ከእነሱ ለመደው። የእሷን እጅ ካየ በኋላ ግን ለዳገቱ ብቻ መሆኑ ቀረ። ትቢያው ከሚጀምርበት አንሥቶ እያወጣ ሸሚዙ ውስጥ ይከተው ጀመር። ለቅዳሜ ንጹሕ ሆኖ እንዲመጣ።

«እጇ ይደማ ነበር» አለ። «ትንሽ ብታርፍ ብዬ ነው።»

ሳልህ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። ብዙ ጊዜ ጠረገው።

«እጅ ይድን ነበር፣ ልጄ» አለው። «ይህ ግን አይድንም።»

ሲሊንደሩ ተበልቷል፣ ፒስቶኑ ተቧጭሯል። ሌላ ካልተገኘ ሞተሯ ብረት ናት። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሞተሯን አስነሥቶ እንዲመለስ ጥቂት ቀን ሰጠው። ሳልህ መርካቶን ዞረ፣ የሚያውቀውን መካኒክ ሁሉ ጠየቀ። የለም።

አንድ ቦታ ግን ነበር። ከራሱ ከሳልህ ጋራዥ ጥግ፣ ሸራ የለበሰች አንዲት ሞተር ቆማለች። ዓይነቷም ልኳም አንድ ነው። የጎረቤታቸው የኃይለ መስቀል ናት። በቀደመው ዙር ሲዘምት «ጋሽ ሳልህ፣ አደራ» ብሎ ትቷት ሄዷል። ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። እናቱ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ይመጣሉ። ሸራውን ገልጠው ኮርቻውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሳሉ፣ መልሰው ያለብሳሉ፣ ይሄዳሉ።

ዘሙሩድ አባቷን በእራት ላይ ጠየቀችው።

«አባ፣ የኃይለ መስቀልን ሲሊንደር።»

«አይሆንም።»

«ብድር ነው። ሲገኝ እንመልሳለን።»

«ነገ መጥቶ ሞተሬን ቢለኝ?»

«ባይመጣስ?»

ሳልህ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰው። «ብፈታት አይመጣም ማለቴ ነው። እኔ አልልም። እናቱ ሳትል እኔ አልልም።»

በማግሥቱ ሳልህ እንደገና መርካቶ ወረደ። ዘሙሩድ ከጆንያው ጀርባ ወጣች። በሥራ ሰዓት ወደ ጋራዡ መሀል ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ሸራውን ገለጠች፣ ቁልፍ መርጣ ብሎኑ ላይ አስገባች። ብሎኑ ጠንክሮ ነበር፤ በሁለት እጇ ተጫነችው። ጣቷ ተሰንጥቆ ደማ።

አንድ እጅ እጇ ላይ አረፈ። ነጅመዲን ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ተነካክተው አያውቁም።

«ተይው ዘሙ።»

«ልቀቀኝ።»

«ተይው።»

«እናቱ አያውቁም። ሸራውን እንጂ ውስጡን አያዩም።»

«አዎ፣ አያዩም። ኮርቻውን አብሰው ይሄዳሉ። አንቺ ግን ከመስኮትሽ ሆነሽ ታዪያቸዋለሽ። ስንት እሑድ ትችያለሽ?»

«ሁሉንም እችላለሁ» አለች።

«እኔ አልችልም» አለ ነጅመዲን።

ዘሙሩድ ያን ጊዜ ዞረችበት። በሕይወቷ ለማንም እንዲህ ተናግራ አታውቅም። «የሳቸውን ዓይን ፈራህ። የእኔንስ? የእኔን ዓይን ማን ይፍራው?» አለችው።

ነጅመዲን እጇን አልለቀቀም። ቆይቶ ቁልፉን ከጣቶቿ መሀል ቀስ ብሎ አወጣው፣ ሸራውን መልሶ አለበሰ። የተፈታ ብሎን አለመኖሩን አረጋገጠና ወጣ። ዘሙሩድ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ልክ መሆኑን አውቃለች። ስላወቀች አልቀለላትም።

የተሰጠው ቀን አለቀ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ዱቤ ነጅመዲን ቤት ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ፤ ኮታውን የሚሞላ ሰው ነበር። «ሞተርህ ቆማለች አሉ ጓድ ነጅመዲን» አለው። ነጅመዲን ቆማለች አለ። ሌላ ንግግር አላስፈለገም።

የተጠሩት ወጣቶች በቀበሌው ግቢ ውስጥ ታጉረው ሰነበቱ። ዘሙሩድ በሽቦው አጥር በኩል ሄደች። እናቶችና እህቶች አጥሩን ይዘው ቆመዋል፤ እሷ ማንንም ሳታይ ስታልፍ ሁሉም ያዩዋት ነበር። ነጅመዲን መጥቶ ከሽቦው ወዲያ ቆመ። ጸጉሩን ላጭተውታል። ጆሮው ትልቅ መሆኑን ያን ዕለት አየች።

«ለእማ መብሩካ ሰው እልካለሁ» አለችው። «ስለሳቸው አታስብ።»

ራሱን ነቀነቀ። መናገር ያለባት ነገር ነበር፤ ይዛው ብትቀር እንደሚገድላት አውቃለች።

«ነጅሙ፣ አውቄ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ስፖንጁ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ። ልክ እንዳልሆነ አውቄ ነበር። ብጠይቅህ ቅዳሜ መምጣትህን ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ።»

ነጅመዲን አያት። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር በኋላ ስታስበው ስም ልታወጣለት አልቻለችም። ቁጣ አልነበረም።

«በሁለት ሳምንት አንዴ እንደሚበቃ እኔም አውቅ ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው። የጣቢያው ዘበኛ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ትመጣ ነበር?»

«አንቺ ለምን ጠራሽኝ?»

ሁለቱም ሊስቁ ነበር። ከኋላ ስም መጥራት ተጀመረ፤ ዞሮ አየና ሄደ። መኪናው ሲወጣ ከላዩ ብዙ የተላጨ ራስ ነበር። የትኛው የእሱ እንደሆነ አልለየችም።

ሳልህ የቆመችውን ሞተር ለመሥሪያ ቤቱ መለሰ። ስለ ነጅመዲን ከልጁ ጋር አልተነጋገሩም። ሌላ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጣ። ሳልህ ሁለቱንም ጊዜ «እሷን ጠይቋት» አለ፤ እሷም መልሷን ከጆንያው ጀርባ ሳትወጣ ነገረቻቸው። ማጣሪያ ማጠቡን ቀጠለች። የካ፣ አያት፣ እንጦጦ፣ ሁሉም በመስኮቷ ይገባል፣ ይወጣል። አገር ለማወቅ መመርመሩን ግን ተወች።

ከሁለት ክረምት በኋላ ሳልህ ከመስጊድ ዘግይቶ ተመለሰ። ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እግሩን የተጎዳ አንድ ወታደር ከሰሜን ተመልሶ ለእማ መብሩካ የልጃቸውን መርዶ እንዳመጣ ነገራት። የቀብሩን ቦታ ወታደሩም አያውቀውም። መስጊድ ዱዓ ተደርጎለታል።

ባል የሞተባት ሴት የሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን፣ ትቀመጣለች። ዘመድ የሞተበት ሰው እየመጣ ያጽናናዋል። ዘሙሩድ ሚስት አይደለችም፣ ዘመድም አይደለችም። እሷን ለማጽናናት የሚያስብ ሰው በአገሩ አልነበረም። ነጠላዋን ተከናንባ አያት ወረደች። በእግሯ ሄደች፤ እስከዚያ ቀን በማጣሪያ ብቻ የምታውቀውን ጥቁር አፈር ረግጣ።

ቤቱ ትንሽ ነው። ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። እማ መብሩካ ግድግዳ ተደግፈው፣ የታመመ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዘሙሩድን አይተዋት አያውቁም፤ ባቄላና ስኳር የሚያደርስላቸው ሰው ከማን እንደተላከ ተናግሮ አያውቅም። ዘሙሩድ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። አንገቷን ደፋች። ለማልቀስ እንኳ ፈቃድ ያላት አልመሰላትም።

እማ መብሩካ ቆይተው አዩዋት። እንግዳ ሲመጣ እንደሚጠየቀው ጠየቁ።

«ልጄ፣ የማን ነሽ?»

የሳልህ ነኝ ማለት ነበረባት። ወግ ነው፤ ልጅ የአባቷ ናት። ሴቶቹ መልሷን ሊሰሙ ፊታቸውን መለሱ።

«የነጅመዲን» አለች ዘሙሩድ።

አንዲት ሴት ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። እማ መብሩካ የልጅቷን ፊት አዩ፣ ወረድ ብለው እጇን አዩ፤ የተሰነጠቀውን፣ ጥቁር የገባበትን። ከዚያ የታመመ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰበሰቡና፣ ከጎናቸው ያለውን ሰሌን በመዳፋቸው ጠረጉላት።